ጋዝ ጋዝ ነው

ወንድሜን ሰው ሁሉ የሚጠራው «ቡጢ» እያለ ነው። ስም አጥቶ አይደለም፤ እውነተኛ ስሙን የምትጠራው እናታችን ብቻ ነበረች፣ እሷም ሞተች። ሥራው ኤሲ መጠገን ነው። በሰፈራችን ቤቱ ሲግልበት ቡጢን ያልጠራ የለም፤ ጠርቶት ያልተጣላ ግን ጥቂት ነው። የሚጠግነው በእጁ፣ የሚከራከረው በእጁ፣ ደስ ሲለውም ጀርባችሁን የሚደልቀው በዚያው እጁ ነበር። ደረቱን የሚያመው ሰው የወንድሜን ደስታ ባይካፈል ይሻለዋል።

ባሌን ደግሞ «ለስላሳ» ይሉታል፤ በአፉ ምክንያት ነው። ሲከፈት ይፈላል፣ ሲጠጣ ይጣፍጣል፣ ቆይቶ ጥርስ ያበላሻል። ይህን እያወቅኩ ነው ያገባሁት። እንግዲህ የኔ ኑሮ በቡጢና በለስላሳ መካከል ነው፤ አሁን የምነግራችሁም ቡጢ ለስላሳን ሊገድል የተነሳበትን ጊዜ ነው።

አባታችን በያጅ ነበር። ቤት ሲገባ ቀበቶውን የሚፈታው ሊተኛ አልነበረም። እናታችን ወደ ግድግዳው ዞራ ትቆም ነበር፤ እኛ ከአልጋ ሥር እንገባለን። አንድ ከሰዓት በኋላ የውሃ ባልዲ ተሸክሜ ሳልፍ አደናቀፈኝና የብየዳ ገመዱ ላይ ደፋሁት። የቀበቶው ዘለበት ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ወንድሜ በበሩ ገባ። ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር። አባቴን አገጩ ላይ አንድ ጊዜ መታው። አባቴ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠና ጥርሱን ከነደሙ ምንጣፉ ላይ ተፋ። ያን ዕለት ወንድሜ ከቤት ተባረረ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ተገርፌ አላውቅም። ስለ ወንድሜ ቡጢ ክፉ ስናገር ብትሰሙኝ በሙሉ ልቤ አይደለም።

ከቤት እንደተባረረ አንድ ሽማግሌ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ዘንድ ገባ። አለቃው የሚያስተምረው በጥፊ ነበር። ቧንቧ ሲበየድ ከመጠን በላይ ከጋለ ጥፊ፣ ካልጋለም ጥፊ። ወንድሜ ግን ሙያውን ወደደው፤ ጥፊውንም የወደደው ይመስለኛል። የተጣበቀ ኮምፕረሰር፣ ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ጎኑን በእንጨት መዶሻ ሲመቱት አንዳንዴ ይነሳል፤ ሰፈሩ ግን ኮምፕረሰሩ ቡጢን ፈርቶ ተነሳ ብሎ ያወራ ነበር። እሱም አያስተባብልም።

አለቃው ሲሞት አንዲት ፋኖስ ተወለት። ጫፏ ላይ ትንሽ ሰማያዊ እሳት ትነዳለች፣ ከጎኗ ቀጭን ጎማ ይወጣል። ጎማውን በኤሲው ቧንቧ ላይ ቀስ አድርጎ ሲያስኬደው፣ ጋዝ የሚያፈስበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሰማያዊው እሳት አረንጓዴ ይሆናል። የድሮዎቹ ኤሲዎች ጋዝ፣ ባለሙያዎቹ «ሃያ ሁለት» የሚሉት፣ እሳት አይነካውም፤ የእሳቱን ቀለም ብቻ ይቀይራል። ሌሎቹ የሳሙና አረፋ ሲቀቡ፣ ቢፕ ቢፕ የሚል መሣሪያ ሲገዙ፣ ወንድሜ ከፋኖሱ አልተለየም።

ከዚያ ሃያ ሁለት ተከለከለ። ምድርን ከፀሐይ የሚጋርደውን የሰማይ ሽፋን ይበላል ተባለ፤ መጀመሪያ ከውጭ የሚገባው ቀነሰ፣ ቆይቶም ቆመ። ጠጋኞቹ ለሥልጠና ተጠሩ። ወንድሜ ከሥልጠናው የተመለሰው ሰባኪ ሆኖ ነው። አንድ የሙያ ጓደኛው አሮጌ ኤሲ ሲነቅል ቧንቧውን ቆርጦ ሃያ ሁለቱን እንዲሁ ወደ አየር ሲለቀው አገኘው። «ሰማዩ የአባትህ ነው እንዴ?» ብሎ እግሩን ይዞ ከመሰላሉ ጎትቶ አወረደውና በጫማው ጎኑን ሰበረው። ሰማዩን ለማዳን ብሎ የሰው ጎን የሰበረ ከወንድሜ ሌላ ሰምቼ አላውቅም። ፖሊስ ጣቢያ ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ።

አዲሱን ጋዝ ደግሞ አሮጌ ማሽን ውስጥ ዝም ብለው አይሞሉትም። የድሮው ዘይት ይወጣል፣ ቧንቧው ይታጠባል፣ ማጣሪያው ይቀየራል፣ አዲስ ዘይት ይገባል፣ አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል፤ ጋዙ የሚሞላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ደንበኛው ላብ እያጠበው «ጋዝ ሙላልኝ አልኩህ እንጂ ቀዶ ጥገና አድርግልኝ አልኩህ?» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

ባሌ ያኔ አብሮት ይሠራ ነበር። አንደኛው ይጠግናል፣ ሌላው ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጥሩ ሽርክና ነበር፣ እኔም ለስላሳን ያወቅኩት እዚያ ሱቅ ነው። ይሁን እንጂ የዘይቱ ነገር ለባሌ አልዋጥለት አለ። ወንድሜ በሌለበት ቀን አሮጌውን ዘይት ሳያወጣ አዲሱን ጋዝ እላዩ ላይ ይሞላ ጀመር። ታዲያ ኮምፕረሰር ይሉኝታ አያውቅም፤ አንዱ ተጣብቆ ቀረና ወደ ሱቅ ተመለሰ።

ወንድሜ ከፍቶ ዝልግልጉን ጥቁር ዘይት በጣቱ ነከረና ባሌ አፍንጫ ሥር አስጠጋው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘይት ነዋ፣ ጋሼ።»

«የቱ ዘይት?»

ባሌ ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም። ወንድሜ አንገቱን ይዞ የመዳብ ቧንቧው ክምር ላይ ደፋው፤ አናቱን ከወለሉ ጋር ሲያጋጨው የባሌ ዓይን ነጩ ብቻ ቀረ። እኔ እየጮህኩ ወንድሜን በሸሚዙ እጎትታለሁ፣ ሸሚዙ እጄ ላይ ተቀደደ። ባሌ በዳበሳ ትልቁን የቧንቧ ቁልፍ አገኘና አወናጨፈው። የወንድሜ አፍንጫ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ደሙ ኮምፕረሰሩ ላይ፣ ክምሩ ላይ፣ ቀሚሴ ላይ ተረጨ። ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው እያለከለኩ ተያዩ፤ ሽርክናው እዚያው አለቀ።

ሐኪሙ አፍንጫውን አቀናለት፤ ማሽተት ግን አልተመለሰለትም። ሽቶም ሆነ የሞተ አይጥ ለእሱ አንድ ሆነ። እኔ ወንድሜን ለብቻው እየሄድኩ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ልጆቼም አጎታቸው ቤት አባታቸውን፣ አባታቸው ፊት አጎታቸውን እንዳያነሱ ተማሩ።

ባሌ ብቻውን መሥራት ሲጀምር ዘይት የማያስቀይር ጋዝ አገኘ፤ ቡታጋዝ። ግፊቱ ከሃያ ሁለት ጋር መሳ ለመሳ ነው፤ ያቀዘቅዛልም፣ እንዲያውም ደህና አድርጎ ነው የሚያቀዘቅዘው። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ይነዳል። ማሽኖቹ ላይ «ሃያ ሁለት» የሚለውን ጽሑፍ እንዳለ ተወው፣ ሌላ ምልክት አልለጠፈም። ለደንበኛው «ጋዝ ሞልቼልዎታለሁ» ይላል፣ ደንበኛው ይመርቀዋል። አልዋሸም እኮ። በኛ አፍ ኤሲ ውስጥ ያለውም ጋዝ ነው፣ ምድጃ ላይ የሚነደውም ጋዝ ነው፣ ሆድ ሲነፋም ጋዝ ነው።

ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ናቸው ወንድሜን የጠሩት። ኤሲያቸው ሙቅ አየር እየተፋ አስቸግሯቸዋል። የውጭው ማሽን የተቀመጠው ከኩሽናው በስተኋላ፣ ዙሪያውን በመስታወት በተዘጋ በረንዳ ላይ ነው።

«ባለፈው አንድ ጨዋ ልጅ ጋዝ ሞልቶልኝ ነበር፣ ልጄ» አሉት።

«ምን ጋዝ ነው የሞላልዎት፣ እማማ?»

«እኔ ምን አውቄ? ጋዝ ነዋ!»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን አነበበ፤ ሃያ ሁለት ይላል። መለኪያውን ሰካ፤ ግፊቱ ወርዷል፣ እንግዳ ነገር ግን የለውም። ፋኖሱን ከሳጥኑ ሲያወጣ መምህርቷ ከኩሽናው ሆነው «ሰሞኑን እኮ ቤቱ ሁሉ ጋዝ ጋዝ ይለኛል» አሉት።

«እማማ፣ ጋዝ ስለሚያፈስ አይደል እንዴ የመጣሁት!» አላቸው እየሳቀ።

እሳቸው የምድጃውን ጋዝ ነው ያሉት፣ እሱ የሰማው የኤሲውን። ደህና አፍንጫ ያለው ሰው ቢሆን በሩን እንደከፈተ ይመለስ ነበር። ባሌ በቁልፍ የሰበረው አፍንጫ ግን ምንም አልነገረው። ፋኖሱን ለኮሰና ጎማውን ይዞ ወደ ታችኛው ቧንቧ ወረደ። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይጠብቀው ነበር።

እሳቱ አረንጓዴ አልሆነም። በረንዳው በሙሉ አንድ ላይ ነደደ። መስታወቱ ተበትኖ መንገድ ላይ ዘነበ፤ የኩሽናው በር ተነቅሎ መምህርቷን ግድግዳ ላይ ለጠፋቸው፣ ስባሪው አንገታቸውና ትከሻቸው ውስጥ ገባ። የወንድሜ ቅንድብና ፀጉር ወዲያው ጠፋ፣ የአንድ ጉንጩ ቆዳ ተገፈፈ። ሁለቱም እጅጌው እየነደደ ሴትዮዋን አቅፎ፣ አንገታቸውን በመዳፉ ጨምቆ ደረጃውን ወረደ። መጀመሪያ እጅጌውን አጥፍቶ ቢሆን ኖሮ እጆቹ ይተርፉ ነበር፤ ሐኪሙ ነው የነገረኝ። መምህርቷ ግን ደማቸው አልቆ ይሞቱ ነበር።

ሆስፒታል ስገባ ፊቱ የሚታየኝ በከፊል ነው። መምህርቷ ከወዲያኛው ክፍል ሁሉን ተናግረዋል፤ ጋዝ የሞላው ለስላሳ የሚሉት ጨዋ ልጅ ነው። ወንድሜም ሰምቷል። 

ቤት ሄጄ ባሌን «ውጣ፣ ከዚህ ከተማ ጥፋ፣ ይገድልሃል» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «ጋዝ ጋዝ ነው። እሳት ያስጠጋው እኔ ነኝ? በዚህ ዘመን በፋኖስ የሚፈትሽ ማን አለ?»

ፊቱ ላይ ልተፋበት ምራቄ ደርቆብኝ ነው የተውኩት። ያም ሆኖ የልጆቼ አባት ነው፤ እንዲሞት አልፈለግኩም። ወንድሜም ነፍሰ ገዳይ ሆኖ እስር ቤት እንዲበሰብስ አልፈለግኩም። ሁለቱንም ማጣት እንደምችል እያወቅኩ በሩን ደጋግሜ እቆልፍ ነበር።

ወንድሜ ሐኪሙን ሳያስፈቅድ ወጥቶ መጣ። ደግነቱ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። በሩን በእግሩ ሲመታው መቆለፊያው ከነእንጨቱ ወደቀ። እጆቹ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልለዋል። መምታት አይችልም ብዬ ለቅጽበት ተጽናናሁ፤ የሰው ልጅ ግንባር እንዳለው ረስቼ።

ባሌን በግንባሩ አፉ ላይ መታው። ባሌ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተጋጭቶ ሲወድቅ በጉልበቱ ሆዱን፣ በጫማው ጎኑን እያፈራረቀ ረገጠው። ባሌ «ጋሼ! ጋሼ!» ይላል፤ አረፋና ደም ነው የሚወጣው። ወንድሜ ደረቱ ላይ ተቀመጠና ክርኑን ጉሮሮው ላይ ጫነው። ጀርባው ላይ ዘልዬ ወጣሁ። አንገቱን አነቅኩት፣ ጆሮውን ጎተትኩት፣ ትከሻውን ነክሼ የደሙን ጨው ቀመስኩ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። የባሌ ከንፈር ሲጠቁር ይታየኛል።

«የት የት ቤት ሞላህ?» አለ ወንድሜ። ክርኑን ትንሽ አነሳለት።

«የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ጋ...»

«ሌላስ?»

«ከሷ በላይ፣ ልብስ ሰፊው ጋ። ሹፌሩ ጋ። ባልና ሚስቱ ነርሶች ጋ...»

አንዱን በጠራ ቁጥር ወንድሜ «ሌላስ?» እያለ ክርኑን ይጭናል፣ ያነሳል። 

«ሌላስ!»

ባሌ ዓይኑን ወደኔ አዞረ። «እዚህም» አለ። «የልጆቹ ክፍል።»

የልጆቼ አልጋ ከዚያ ኤሲ ሥር ነው። ትንሿ ልጄ በሙቀት ስታለቅስ፣ እሱ ራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ያስተካከለላት ነው። አደጋ ነው ብሎ ቢያስብ እዚያ አይሞላም ነበር፤ ይህን አሁን እናገራለሁ። ያኔ ግን ወንድሜን ለቀቅኩት። ከጀርባው ወረድኩና ግድግዳው ጋ ቆምኩ። ግደለው አላልኩም፤ ተወውም አላልኩም።

ወንድሜ መልቀቄን አወቀ። ከደረቱ ላይ ተነሳና የባሌን የቀኝ እጅ በጫማው ረገጠ፤ ነገር ግን ክብደቱን አልጣለበትም። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ቆሞ እጁን አየው።

«የኔ እጅ አይሠራም» አለ። «ከእነዚያ ቤቶች ጋዙን የሚያራግፈው ያንተ እጅ ነው። የመጨረሻው ቤት ሲያልቅ እሰብረዋለሁ። አሁን ተነስ፤ ከልጆቹ ክፍል ጀምር።»

ባሌ ጥርሱን በመሀረብ ይዞ ተነሳ። በየቤቱ ያለውን ቡታጋዝ እሳት በሌለበት፣ መስኮት ከፍተን ወደ ውጭ አራገፍነው፤ እኔም ሰዎቹን ምድጃ አጥፉ፣ ሲጋራ አጥፉ እያልኩ ስጮህ ድምፄ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ መጣ፤ ቤት በቤት እየዞሩ ማጠብ፣ ዘይት መቀየር፣ አዲሱን ጋዝ መሙላት። ወንድሜ በፋሻ እጁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ባሌ ይሠራል። ስህተት ሲያይ በጫማው ጀርባውን ይለዋል። «ማጣሪያው!» ርግጫ። «ፓምፑን ማን አጥፋ አለህ?» ርግጫ። ልብስ ሰፊው ይህን አይቶ ፖሊስ ልጥራ ሲለው ባሌ ራሱ «ተወው፣ አማቼ ነው» አለ።

ባሌ መሸሽ ይችል ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት ሲወጣ ዛሬ አይመለስም እላለሁ፤ ማታ አብጦ ይመለሳል። ሥራውን ሊያጓትት ሞክሮ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ስንት ቤቶች እንደቀሩ ማታ ማታ እቆጥር ነበር።

የመጨረሻው የነርሶቹ ቤት ሆነ። ማሽኑ ያለው ጣሪያው ላይ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ምሳ ይዤላቸው ወጥቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሄድኩት ለምሳው አልነበረም። ባሌ አዲሱን ጋዝ ሞላ፣ ፈተሸ፣ የጋዙን ስም የያዘውን ምልክት ለጠፈ። የቧንቧ ቁልፉን አስቀመጠና ሁለት እጁን ማሽኑ ክዳን ላይ ዘረጋ። «ጨርሻለሁ፣ ጋሼ» አለ። እጁን አልሰበሰበም።

የወንድሜ ፋሻ ያኔ ተፈቷል። ቁልፉን ሊያነሳ ሞከረ። ጣቶቹ ጠባሳው ጎትቷቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመዋል፤ አይዘረጉም፣ አይታጠፉም። ቁልፉ ከእጁ ወድቆ ጣሪያው ላይ ጮኸ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ወደቀ። ወንድሜ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

በእግሩ ቁልፉን ወደኔ ገፋው። «አንቺ ስበሪው» አለኝ።

«ጋሼ...» አልኩት።

«እጄን ታይዋለሽ። ወይ አንቺ፣ ወይ በጫማዬ ሁለቱንም።»

ወንድሜ የሚለውን ያደርጋል። ከረገጠው ሁለቱም እጅ ይጠፋል፤ ባሌም ልጆቼም እኔም በሰው ደጅ እንቀራለን። እኔ ከመታሁ ግን ጣቱን የምመርጠው እኔ ነኝ። ቁልፉን አነሳሁ፤ ይከብዳል። ባሌ አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። የግራ እጁን ትንሽ ጣት መታሁ፤ ቁልፍም ቧንቧም ለመያዝ የማታስፈልገዋን። እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረች። ባሌ ጣሪያው ላይ ተንከባለለ፣ ጩኸቱን ሰምተው ነርሶቹ ደረጃውን እየሮጡ ወጡ።

አዝኜ ነው የመታሁት ብል ትወዱኝ ነበር። ደስ ብሎኛል። ልጆቼ ከዚያ ኤሲ ሥር ተኝተው የነበሩበት ጊዜ ሁሉ በእጄ ወጣልኝ።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጣቷን አየ። «ትንሿን?» አለኝ።

«ትንሿን።»

«በቃ» አለና መሣሪያ ሳጥኑን በክርኑ አንጠልጥሎ ወረደ። አሁን ሱቁ እንደገና የሁለቱ ነው፤ አንዱ ያዛል፣ ሌላው ይሠራል። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ሰው መትቶ አያውቅም፤ ደንበኛ ሲሰድበው እንኳ ይስቃል። ሰፈሩ ቡጢ ረገበ ይላል።

ባለፈው እሑድ ትልቁ ልጄ እህቱን ገፍትሮ ጣላት። ስቆጣው አፉን ከፈተብኝ። ከዚያ በድንገት ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ የሚያየው ፊቴን አልነበረም። ዝቅ ብዬ ሳይ እጄ ተጨብጦ ከወገቤ በላይ ተነስቷል። ከጀርባዬ ደበቅኩት፤ ጣቶቼን በሌላው እጄ አንድ በአንድ ነው የፈታኋቸው።